የብርድ ደወሉን ላስቆርጠው ወይስ ይቆይ?

የአሽከርካሪዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ነዋሪነቴ እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ነው። በሥራ ምክንያት ጠዋት ጠዋት ወደ ዳባት እመላለሳለሁ። ባለቤቴ ከአውሮፓ የገባ ያገለገለ ፎልክስዋገን ገዝቶልኛል፤ መኪናዋን ወድጃታለሁ፤ ችግሬ አንድ ነው። ከወለቃ አልፌ ዳገቱን ወጥቼ ስጨርስ ድንገት «ጢን» ትልና ዳሽቦርዱ ላይ የበረዶ ኮከብ የመሰለ ምልክት ታበራለች። ልጄ ከኋላ ተኝቶ ከሆነ ይባንናል። እኔም ሁልጊዜ «ሞተሩ ምን ሆነ?» ብዬ እደነግጣለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ በአንድ ጉዞ ደጋግማ ትጮኻለች። አንድ የመኪና ኤሌክትሪሻን «ሽቦዋን ልቁረጥልሽና ተገላገይ» ብሎኛል። አስፋልቱ እንደ ፈረንጅ አገር በበረዶ በማይሸፈንበት አገር ይህ ድምፅ ምን ያደርግልኛል? ላስቆርጠው? (ከማራኪ)

መልስ፦ እህቴ፣ አያስቆርጡት። ድምፁ ያስደነግጠኛል ማለትዎ ግን እውነትዎን ነው። ጋራዣችን ከሚመጡት አሽከርካሪዎች ብዙዎቹ ይህንኑ ይሉኛል፤ ልጅ ለያዘች እናት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ድምፁ ስለ ምን እንደሚናገር ላስረዳዎት፣ ከዚያ መቀነሻውን እነግርዎታለሁ።

ደወሉ ከሞተርዎ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚያ በኩል አይደንግጡ። ከፊተኛው ፓራውልት ውስጥ፣ ከራዲያተሩ ቀድማ፣ ከጣት አንጓ የማትበልጥ ሴንሰር አለች። በአንዳንድ የፈረንሳይና የጣሊያን መኪኖች የምትገኘው ስፖኪዮው ሥር ነው። ሥራዋ የውጭውን አየር ሙቀት መለካት ነው። አየሩ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ መኪናዋ መንገዱ ሊያንሸራትት እንደሚችል ታስታውቃለች። መጠኑ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ፎልክስዋገን ከ4 ዲግሪ በታች ሲሆን፣ ቢኤምደብሊው 3 ዲግሪ ላይ ያስጠነቅቃል። ብዙዎቹ ቶዮታዎች 3 ዲግሪ ሲደርስ ቁጥሩን ለጥቂት ሰከንድ ብልጭ ድርግም ያደርጉታል እንጂ አይጮኹም። ቮልቮ ከ2 ዲግሪ ጀምሮ የበረዶውን ምልክት ያበራል።

«ውሃ በረዶ የሚሆነው በዜሮ ዲግሪ አይደል? በ4 ዲግሪ ምን አስጮኻት?» የሚሉኝ አሉ። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሴንሰሯ አየሩን እንጂ አስፋልቱን አትለካም። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ጸጥ ሲል፣ መሬት ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቅቃለች፤ ሙቀቱን የሚመልስላት ደመና የለም። ስለዚህ ከፍ ብሎ ያለው አየር 3 ወይም 4 ዲግሪ ሆኖ ሳለ የምድሩ ገጽ ከዜሮ በታች ወርዶ ሊገኝ ይችላል። ፋብሪካዎቹ ከዜሮ ከፍ አድርገው ደወሉን ያስቀመጡት ለዚህ ነው።

በዚሁ መንገድዎ ላይ ያለው የወገራ ደጋ ገበሬ ይህን ያለ ሴንሰር ያውቀዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ከጠራና ነፋስ ከሌለ ማታውኑ ለባቄላው ይሰጋል። ጠዋት ሲወጣ ተረተሩ ላይ ያለው ሰብል ደህና ሆኖ፣ ረባዳው ላይ ያለው ቅጠሉ ጠቁሮና ተኮማትሮ ያገኘዋል። ብርድ አየር ከባድ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ከተዳፋቱ እየተንሸራተተ ወርዶ ጎድጓዳው ላይ ይተኛል። ውርጭ ሁልጊዜ ረባዳውን ቀድሞ የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው። መንገዱም እንደዚያው ነው። ከኮሶዬ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሲሄዱ መንገዱ እየወጣ እየወረደ ነው፤ ብርዱ የሚጠብቅዎት ቁልቁለቱ አልቆ ድልድይ ወይም የውሃ ቱቦ ያለበት ዝቅታ ላይ ነው። ድልድይ ደግሞ ከላይም ከታችም አየር ስለሚያገኘው ከሌላው አስፋልት ቀድሞ ይቀዘቅዛል። መኪናዎ አንዱ ጉብታ ላይ ዝም ብላ ቀጥሎ ያለው ዝቅታ ላይ የምትጮኸው ተበላሽታ አይደለም፤ ልክ ናት።

ከፍታውንም ያስቡት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደባርቅ ከ2,800 ይበልጣል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ፒያሳ ላይ በጋቢ የሚቻል ብርድ ዳገቱን ሲጨርሱ ሌላ ብርድ ይሆናል። ቀኑ በጣም የሚቀዘቅዘው ደግሞ በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ፀሐይ ልትወጣ ስትልና ገና እንደወጣች ነው፤ ልክ እርስዎ መንገድ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት።

አስፋልቱ ላይ በየጠዋቱ በረዶ ይተኛል አልልዎትም፤ አይተኛም። ደረቅ አስፋልት ቢቀዘቅዝም ጎማ ይይዛል። አደጋው ውሃ ያለበት ቦታ ነው። መንገዱ ሲቆረጥ ከቀረው የተራራ ግድግዳ የሚመነጭ ውሃ መንገዱን አቋርጦ የሚፈስበት ቦታ አለ፤ ማታ መኪና ታጥቦ ውሃው የተኛበት ቦታ አለ፤ ፀሐይ እስከ ረፋድ የማይደርስበት የገደል ጥላ አለ። እዚያ ላይ የረጋ ውሃ ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው አስፋልት ስለሚታይ አሽከርካሪው እርጥበት ብቻ ይመስለዋል። በረዶ በጣም የሚያንሸራትተው ደግሞ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ነው፤ በላዩ ላይ ቀጭን ውሃ ስለሚይዝ። ከደባርቅ አልፎ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ፣ ከዚያም ቧሂትን አቋርጦ ወደ ጃናሞራ የሚሄድ ሰውማ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ እዚያ ስለ ውርጭ መከራከር አያስፈልግም።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ይህ ደወል በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላም ሊጮህ ይችላል። በረዶ ሲጥል አየሩ በደቂቃዎች ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል፤ ወገራ ላይ መንገዱ ነጭ ሆኖ ሲቀር አይተው ይሆናል። በረዶው ገና እርስዎ ጋ ሳይደርስ አየሩ ከቀዘቀዘ መኪናዋ ቀድማ ልትነግርዎት ትችላለች። ኩርባው ወዲያ ምን እንዳለ በማይታይበት መንገድ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ምልክቱ ብቻ ቢበራ አይበቃም ወይ? ለእኔ አይበቃም። ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ይዤ ሊማሊሞን ስወጣና ስወርድ ነው የኖርኩት። ዳገት ላይ የአሽከርካሪ ዓይን ከመንገዱ አይነሳም፤ መነሳትም የለበትም። ዳሽቦርድ ላይ የበራች ትንሽ ኮከብ ሳትታይ ብዙ ኪሎ ሜትር ልትሄድ ትችላለች። ድምፅ ግን ዓይንን ሳይነቅል ይደርሳል። ፋብሪካዎቹን የምወቅሳቸው በሌላ ነገር ነው፤ ለሁሉም ነገር ድምፅ ሰጥተዋል። ለቀበቶ፣ ለበር፣ ለማቆሚያ፣ ለመስመር መልቀቅ፣ ለነዳጅ። በአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ መኪና ሁሉ የፍጥነት ወሰን ሲታለፍ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት እንዲኖረው በሕግ ተደንግጓል፤ እነዚያ መኪኖች አገልግለው ወደ እኛ ሲመጡ ደግሞ ሌላ ድምፅ ይጨመርልናል። ድምፅ ሲበዛ ጆሮ ይለምዳል፤ የለመደ ጆሮ ዋናውንም አይሰማም። የብርድ ደወል አንድ ጊዜ ብቻ፣ በለዘበ ድምፅ፣ ከሌሎቹ በተለየ ቃና መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ባለመኪናው መጠኑን ራሱ መቀነስ መቻል አለበት። ጨርሶ መጥፋቱን ግን አልደግፍም።

ስለ ሽቦው ልንገርዎት። ባለፈው በጋ አንድ ሰው መኪናውን ይዞ መጣ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይላል። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር። ከፓራውልቱ ሥር ስንገባ የሴንሰሯ ሽቦ ተቆርጦ ጫፉ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ሴንሰሯ ሲበርዳት ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ተቃውሞዋ እየጨመረ ይሄዳል፤ ሽቦው ሲቆረጥ ተቃውሞው ወሰን የሌለው ስለሚሆን ኮምፒውተሩ ያገኘው የመጨረሻው ብርድ ነው ብሎ ያስባል። ሰውየው የመጣው በድምፁ አልነበረም፤ ኤሲው እምቢ ስላለው ነው። ኮምፒውተሩ «ውጭው እንዲህ ከበረደ ኮምፕሬሰር አላስነሳም» ብሎ ዘግቶታል። ይህ የቅንጦት ጉዳይ እንዳይመስልዎት። ኤሲ አየሩን ያደርቃል፤ ከኮሶዬ ጉም ውስጥ መስታወቱ ከውስጥ በእንፋሎት ሲሸፈን ቶሎ የሚያጠራልዎት እሱ ነው። ያ ሰው ጉም ባለበት ጠዋት መስታወቱን በእጅጌው እየጠረገ ነበር የሚነዳው።

እንግዲህ ለእርስዎ የምመክረው ይህ ነው። መጀመሪያ በመኪናዋ ሴቲንግ ውስጥ የማስጠንቀቂያ ድምፅ መጠን የሚቀነስበት ቦታ ካለ ይፈልጉ፤ በብዙ አዳዲስ ሞዴሎች አለ። ከሌለ የመመርመሪያ ኮምፒውተር ያለው ባለሙያ ድምፁን ማለዘብ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሽቦ መቁረጫ ይዞ ከመጣ ግን ይመልሱት። ሁለተኛ፣ በተስተካከለ ሜዳ ላይ ሆነው በየደቂቃው የምትጮህ ከሆነ ያ ጤናማ አይደለም። ደህና የሆነች መኪና አንዴ ከደወለች በኋላ ሙቀቱ ሁለት ዲግሪ ያህል ካልጨመረ እንደገና እንዳትጮህ ተደርጋ ነው የምትሠራው። ሴንሰሯ ከቦታዋ ወልቃ ተንጠልጥላ ወይም ሶኬቷ ዝጎ ይሆናል፤ ፓራውልት ከተጠገነ በኋላ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ሦስተኛ፣ ደወሉን ሲሰሙ ፍሬን አይርገጡ። እግርዎን ከነዳጁ ላይ ቀስ አድርገው ያንሱ፤ ከፊትዎ ካለው መኪና ጋር ያለውን ርቀት ያስፉ፤ መሪውን በድንገት አይጠምዝዙ። ፍጥነቱን በራሱ የሚይዘውን ክሩዝ ከከፈቱ ይዝጉት።

መኪናዎን ደባርቅ ወይም ዳባት አሳድረው መስታወቱ ውርጭ ለብሶ ካገኙት ደግሞ የፈላ ውሃ አይድፉበት። የሆቴል ዘበኞች ደግ አስበው በጀበናም በማንቆርቆሪያም ይዘው ይመጣሉ፤ አመስግነው ይመልሱላቸው። ቀዝቃዛ መስታወት ላይ ትኩስ ውሃ ሲፈስ ይሰነጠቃል፤ ጠጠር የመታው ከሆነማ ወዲያው ነው። በፕላስቲክ ካርድ ይፋቁት፤ ሞተሩን አስነስተው ነፋሱን ወደ መስታወት ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ። የቻይና ሥሪት የኤሌክትሪክ መኪና ይዤ እንግዶች ከጎንደር ወደ ደባርቅ፣ አልፎ አልፎም ሊማሊሞን አውርጄ ወደ አዲ አርቃይ አደርሳለሁ። ለጥምቀት የመጡ እንግዶች ስላሉ ጥር ላይ ሥራው ይበዛል። ደባርቅ አድሬ ጠዋት ስነሳ አንዲት ሴት በቻይንኛ ትናገራለች፤ ስክሪኑም በቻይንኛ ነው። እንግዶቹ ምን አለች ይሉኛል፤ መልስ የለኝም። ቻርጁም በብርድ ቶሎ የሚያልቅ ይመስለኛል። ድምፁን ሙሉ በሙሉ ዘግቼዋለሁ። ጥፋት ይኖረው ይሆን? (ከአራዳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አዎ፣ በተለይ ለአንተ መንገድ ጥፋት አለው። ነዳጅ የሚጠቀም አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪኖች ገብተዋል፤ ሾፌሩ መኪናው የሚለውን ሳይሰማ የሚነዳበት ሁኔታ በጣም ያሳስበኛል። አስመጪዎች ቋንቋውን ሳያስተካክሉ፣ ቢያንስ የማስጠንቀቂያዎቹን ትርጉም በአማርኛ አጽፈው ሳይሰጡ መኪና ማስረከባቸው ልክ አይደለም።

ብርድ ላይ ከምትናገራቸው ውስጥ ሦስቱን ማወቅ አለብህ። አንዱ መንገዱ ሊያንሸራትት ይችላል የሚለው ነው። ሁለተኛው ባትሪው ቀዝቅዟል፣ ጉልበት ይቀንሳል የሚል ነው፤ ባትሪ ሲበርደው ውስጡ ያለው ኬሚካል ስለሚዘገይ ነው። ቻርጅህ ቶሎ ያለቀው በዚህና በማሞቂያው ምክንያት ነው። ሦስተኛው ሊማሊሞ ላይ ሕይወት የሚያተርፈው ነው።

መኪናህ የፍጥነት ፔዳሉን ስትለቅቅ ራሷን እንደ ፍሬን እየያዘች ባትሪውን ትሞላለች፤ ይህን ለምደኸዋል፤ ፍሬን ሳትነካ ቁልቁለት ትወርዳለህ። የቀዘቀዘ የሊቲየም ባትሪ ግን ኤሌክትሪክ በፍጥነት አይቀበልም፤ በግድ ቢሞላ ሊቲየሙ ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ሲገባው ላይ ላዩን ይለጠፍና ባትሪውን ይጎዳዋል። ኮምፒውተሩ ይህን ለመከላከል መያዙን ይቀንሰዋል። ባትሪው ሙሉ ሲሆንም እንዲሁ ያደርጋል፤ የሞላ ዕቃ ሌላ አይቀበልምና። አንተ ደግሞ ደባርቅ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርገህ፣ ባትሪው ሞልቶና ቀዝቅዞ፣ በጠዋት በቀጥታ ሊማሊሞን ትወርዳለህ። ሁለቱም ምክንያት በአንድ ጊዜ ማለት ነው። የለመድከው መያዝ በዚያች ጠዋት የለም። ጣሊያኖች የቆረጡት ያ መንገድ ኩርባው እንዴት እንደሚታጠፍ ለአንተ አልነግርህም።

ስለዚህ ድምፁን መልሰህ ክፈት። ስልክህን ስክሪኑ ላይ አነጣጥረህ በካሜራ የሚተረጉም አፕ ተጠቀም፤ ያገኘኸውን ትርጉም በወረቀት ጽፈህ ጋቢናው ላይ ለጥፍ። ማታ ቻርጅ ስታደርግ ቁልቁለቱን አስበህ ሙሉ አታድርገው፤ መኪናህ ወሰን የምታስገባበት ቦታ ካላት 80 በመቶ ላይ አቁመው። ጠዋት ከሶኬቱ ሳትነቅላት ውስጧን አሙቃት፤ ሙቀቱ ከመስመሩ እንጂ ከባትሪህ አይወጣም። መውረድ ከመጀመርህ በፊት በደልዳላው መንገድ ፍሬንህን ሞክር። ቁልቁለቱን ገና ከላይ በዝግታ ጀምር፤ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እያደረግህ ውረድ፤ ሳታቋርጥ ከረገጥከው ይግላል። እንግዶቹ ምን አለች ሲሉህም መልስ ይኖርሃል።

ጥያቄ፦ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ ኮሮላ ነው ያለኝ። የብርድ ደወል የለውም። ማስገጠም ይቻላል? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ይቻላል፤ የውጭ ሙቀት የሚለካ ትንሽ ቴርሞሜትር ከነሽቦው መለዋወጫ ቤት ይገኛል። ከአዘዞ ቆላ ድባና ጎርጎራ ብቻ የሚመላለሱ ከሆነ ግን ገንዘብዎን ለጎማ ያውሉት። ወደ ደባርቅ የሚወጡ ከሆነ ያስገጥሙት፤ መለኪያዋን ከራዲያተሩ ሙቀት ርቃ ፓራውልቱ ሥር ጥላ ቦታ ላይ ያስሩ። መኪና ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲነሳ የሚታየውን ቁጥር አይመኑ፤ ጥቂት ተጉዘው አየር ሲያገኛት ያንብቡት።

ጥያቄ፦ በዚህ ብርድ ወር ጠዋት መኪናዬን ሳስነሳ የጎማ ምልክት በርቶ ይጮኻል፤ ረፋድ ላይ ይጠፋል። ጎሚስታ ጋ ስሄድ ጎማው ደህና ነው ይለኛል። ማን ነው ልክ? (ከቀሃ)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የለካችሁበት ሰዓት ነው የተለያየው። አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። በጎንደር ከፍታ ላይ የጎማው ግፊት በየ10 ዲግሪው አንድ ተኩል ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ያህል ይቀንሳል። ጎሚስታው በ9 ሰዓት ፀሐይ ላይ፣ አንተም ከተማውን ዞረህ ጎማው ሞቆ ሳለ 32 ቢሞላልህ፣ ጎማው ያን ጊዜ 40 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ሌሊቱን ውጭ አድሮ ጠዋት 5 ዲግሪ ሲሆን 27 ገደማ ላይ ታገኘዋለህ። ድሮውንም ትንሽ የጎደለው ከነበረ ምልክቱ ይበራል። ስለዚህ ጎማህን ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ በፊት ለካ፤ በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ለቀዝቃዛ ጎማ የተጻፈ ነው። የራስህ መለኪያ ግዛ፤ ውድ አይደለም። አራቱንም ጠዋት ልክ አድርገህ አንዱ ብቻ በሳምንት ውስጥ ደጋግሞ የሚጎድል ከሆነ ብርድ ሳይሆን ምስማር ወይም የቫልቭ ችግር ነው፤ ጎሚስታው አውልቆ ውሃ ውስጥ ነክሮ ይየው።